የአሮጌው ግቢ ዕቅድ፦ ከጅማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም ማብቂያ

ሥራው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ልናገር። ጅማ ውስጥ የአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም አሮጌ ግቢ አለ። ስሙን አልጠራም። ዕቅዱ ገና አልጸደቀም፣ ባለቤቶቹም ጻፍልን አላሉኝም። ግቢው ውስጥ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው፣ ፎቅ የሌላቸው የድሮ ክፍሎች አሉ። በደርግ ጊዜ የተጨመሩ ረዣዥም ብሎኮች አሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክፍት ቦታ በተገኘበት ሁሉ የተወሸቁ የብሎኬት ቤቶችና የቆርቆሮ መጋዘኖች አሉ። ተማሪው በዝቷል፣ ክፍል ጠቧል፣ ጣሪያው ያፈሳል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቀላል ነበር። ሙልጭ አድርጎ አፍርሶ ጂ ፕላስ ፎር መደርደር። በዚህ መሀል አንድ ሁለት ሰው "ቆይ እስቲ" አለ። እኛም የተጠራነው ሌላ አማራጭ ካለ አሳዩን ተብለን ነው። እኔ አርክቴክት ነኝ። አንድ ቀያሽ፣ አንድ የስትራክቸር መሐንዲስና ለልምምድ የወጡ ተማሪዎች አብረውኝ አሉ። ክፍያው ለማኪያቶ ይሆናል፣ እሱን እንለፈው።

አንድ ደንብ አወጣን። ያለው ነገር ተለክቶ ሳያልቅ አዲስ ሕንፃ አይሣልም። ከተማሪዎቹ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት ባለ መስታወት ማማ በላፕቶፑ ሠርቶ መጣ። ቆንጆ ነው። ግን ዱባይም ቢቆም፣ ሐዋሳም ቢቆም ያው ነው። ላፕቶፑን ዘግተን ሜትር አስያዝነው።

ጥቅምት መጀመሪያ

የግቢው ካርታ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን የያዘው ሰው ሌላ ቦታ ተዛውሯል። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል፣ ሌላው ደብዳቤ ጻፉ ይለናል፣ ደብዳቤው ፊርማ ይጠብቃል። በመጨረሻ በአንድ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጀርባ፣ የተጠቀለለ የድሮ የሰማያዊ ቅጂ ፕላን ተገኘ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። መሀሉ ግን ይነበባል። እሱን ፎቶ አንስተን ወደ ቦታው ስንወርድ ግማሹ ነገር አልገጠመም። ፕላኑ ላይ ያለ ቤት መሬት ላይ የለም፣ መሬት ላይ ያለው ደግሞ ፕላኑ ላይ የለም። ስለዚህ ከዜሮ ልኬት።

አሮጌ ቤት የለካ ያውቃል፤ አራቱን ግድግዳ ለክቶ መሄድ አይበቃም። ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች መለካት ግድ ነው። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ክፍሉ ማዕዘኑን አልጠበቀም ማለት ነው። የኛዎቹ የድንጋይ ክፍሎች ውስጥ እኩል የመጣ ጥቂት ነው። ግድግዳው 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይወፍራል፣ መስኮቱ ጋ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰፋ ብሎ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ክፍሉን እንዲያዳርስ። ቱንቢ ጣልንበት። ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። መሐንዲሳችን ይኼኔ ነው ፈገግ ያለው።

ኮርኒሱ በአንዳንዱ ክፍል አሁንም አቡጀዲ ነው። ተወጥሮ በምስማር የተመታ፣ በኖራ የተቀባ፣ ዝናብ ባገኘው ቦታ ቡኒ ካርታ የሣለ። አንዱን ጥግ ገልጠን በባትሪ ስናይ የጣሪያው እንጨት ጤነኛ ነው። ወራጁም ማገሩም ደህና። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ ግን፣ አሸንዳው በተቀደደበት በኩል፣ ጣት ሲገባበት እንደ ዱቄት ይፈርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጣሪያው በሙሉ አልሞተም፣ ጫፉ ነው የታመመው። ይህን ማወቅ ብቻ ብዙ ብር ያድናል፤ ምክንያቱም ከሩቅ ያየ ሰው "ጣሪያው አልቋል፣ ይነሳ" ነው የሚለው።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ሰውዬ የቀድሞ አናጢ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። በረንዳ ላይ ሆነው ሲያዩን ቆዩና "ኢንጂነር፣ ያንን በር አትንኩት፣ እኔ ነኝ የገጠምኩት" አሉኝ። እዚህ ሜትር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት። ድምፅ የለውም። ከእሳቸው ብዙ ዓመት በኋላ የተገጠመው የብረት በር ግን በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም።

ጥቅምት መጨረሻ

ታሪካዊ ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ክርክር ተነሳ። ጥሩ ክርክር ነበር፣ ጥቂት ድምፅም ከፍ ብሏል።

ጅማ ዕድሜዋ በድርብ በድርብ ነው የተቀመጠው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር። ሰፊ በረንዳው፣ ወደ ውጭ የወጣው የጣሪያው ክፈፍ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም ለዚህ ዝናብ የተሠራ ነው። ከዚያ ጣሊያን መጥቶ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት፣ መንገድና ሕንፃ ተከለ፣ ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1952 የግብርና ትምህርት ቤቱ በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታና በኦክላሆማ የግብርናና የመካኒካል ኮሌጅ ድጋፍ ተከፈተ። ቀጥሎ ደርግ፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ፣ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ጅማ ዩኒቨርሲቲ። የኛ ግቢ የየትኛው እንደሆነ ሳልናገር፣ የእያንዳንዱን ዘመን የአሠራር ልማድ ግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል ማለቴ ነው። ድንጋይና ኖራ፣ ከዚያ ድንጋይና ሲሚንቶ፣ ከዚያ ብሎኬት፣ ከዚያ የተገኘው ሁሉ።

ከቡድናችን ግማሹ "የድሮው የድንጋይ ክፍል ይቆይ፣ የደርጉ ይፍረስ" ባይ ነው። እኔ አልተስማማሁም። የደርጉ የመመገቢያ አዳራሽ መልኩ አያምርም፣ እውነት ነው። ግን ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ አንድ ምሰሶ የለም፣ ከላይ በተከፈቱት መስኮቶች አየሩ ይዘዋወራል። ስንት ተማሪ ነው እዚያ ዳቦና ሻይ ተሰልፎ የወሰደው። ለኔ ዕድሜ ብቻውን መመዘኛ አይሆንም። አራት ነገር እንይ አልኩ። ምን ያህል ጤነኛ ነው፣ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምን ይዟል፣ ቢፈርስ ምን ይተካዋል። በዚህ ሲመዘን የመመገቢያ አዳራሹ "ይቆይ፣ ይሻሻል" ውስጥ ገባ። በጀርባ ያሉት የቆርቆሮ መጋዘኖች "ይነሳ" ውስጥ ገቡ፣ ማንም አላለቀሰላቸውም።

ሕጉን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ የሆነን ነገር ለመጠገን እንኳ ከቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማፍረስማ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው "ተመዝግቧል ወይ?" ብሎ ይጠይቅና አልተመዘገበም ከተባለ ዶዘር ይጠራል። እኛ ዘንድ የተያዘው መንገድ ግን፣ ይመዝገብ አይመዝገብ ሳይታወቅ ምንም እንዳይነካ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ጥያቄው በደብዳቤ ገብቷል።

ኅዳር

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው። ለዚህ ግቢ ዋናው ጉዳይ ውሃ ነው።

የድንጋይ ክፍሎቹ ግድግዳ ከታች እስከ ወገብ ድረስ ረጥቧል። ቀለሙ ይላጣል፣ ነጭ ጨው ይወጣበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተቋራጭ መጥቶ "ጠገነው"። ማለትም የድሮውን የኖራ ልስን አራግፎ በሲሚንቶ ለሰነው፣ ከላይ ዘይት ቀለም ቀባው። ከድጡ ወደ ማጡ። ድንጋዩና የኖራው መጋጠሚያ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊት በልስኑ በኩል ቀስ እያለ ይተነፍስ ነበር። አሁን መውጫ የለውም። በላስቲክ የታሸገ እንጀራ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ ያ ነው የሆነው። እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ የጣሪያውን እንጨት ያገኛል፣ ምስጥ ደግሞ እርጥብ እንጨት ሲያገኝ ግብዣ አይጠብቅም።

በቁልፍ ጫፍ ልስኑን መታ መታ እያደረግን ሄድን። ጠጣር ድምፅ ያለበት ተጣብቋል ማለት ነው፣ ባዶ ድምፅ ያለበት ለቋል። በጠመኔ ከበብነው። ሰሜኑ ግድግዳ ላይ ከመስኮት በታች ያለው በሙሉ ማለት ይቻላል ለቋል። ሌላም ፍተሻ ሠራን። እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ልስኑ ተጣብቆ ባለበት፣ የደብተር ገጽ የሚያክል ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገን ለጥቂት ቀን ተውነው። ጠብታው በላስቲኩ ፊት ለፊት፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ፣ ከአየሩ የመጣ እርጥበት ነው፣ መስኮት ክፈቱ ማለት ነው። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ነው የሚያልበው። ከጀርባ ነበር። ተማሪዎቹ ላስቲኩን ሲላጡት ውሃው እጃቸው ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ስለ ኖራ ስናገር ማንም አላዛጋም።

ግን ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ቀያሹ ከፍታውን ሲወስድ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የግቢው መሬት ከፍ ብሏል። በየዘመኑ አፈር፣ ጠጠር፣ የፈረሰ ነገር እየተደፋበት፣ የድሮው ክፍል ወለል በአንድ በኩል ከውጭው መሬት ዝቅ ብሏል። ውሃ ደግሞ ዝቅ ያለውን ነው የሚያውቀው። ዙሪያውን የነበረው የድንጋይ ቦይ ሣር ውስጥ ተቀብሯል። በአካፋ ፈልገን አገኘነው። እላዩ ላይ ቀጭን የሲሚንቶ መሄጃ ተሠርቶበታል። ማን እንደሠራው አይታወቅም፤ ሰው ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ብሎ የሠራው ይመስለኛል። ለሰውየው አልፈርድም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ጅማ በዓመት በአማካይ ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አንዱ የድንጋይ ብሎካችን ጣሪያው 30 በ10 ነው፣ 300 ካሬ። 450 ሺህ ሊትር በዓመት ከአንድ ጣሪያ ብቻ ይወርዳል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ 45 ጊዜ ሞልቶ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በተቀደደ አሸንዳ አልፎ ከግድግዳው ሥር ይፈስሳል። በሌላ በኩል ተማሪው በበጋ በጀሪካን ውሃ ይቀዳል። ይህን ቁጥር ማቅረቢያው ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍነው።

ከግቢው የሚወጣው ውሃ ደግሞ ወደ አዌቱ ወንዝ ነው የሚሄደው። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ። ግድቡ በደለል እንደሚቸገር የታወቀ ነው። እኛ ግቢውን ሙሉ በኮንክሪትና በታይልስ ብንሸፍነው ውሃው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ አፈሩን እየጠረገ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቅዱ ላይ መሬቱ ክፍት የሚሆንበትን፣ ቦዩ የሚያልፍበትን፣ ውሃው ቆም ብሎ የሚሰርግበትን ቦታ ከሕንፃዎቹ በፊት ሣልን። አንድ ባልደረባዬ "አንተ የፍሳሽ ሰው ሆነሃል እንዴ?" አለኝ። ይሁን።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ዛፎቹን መዘገብን። ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ጃካራንዳ፣ ግራቪሊያ፣ በዳር በኩል ባሕር ዛፍ። እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው፣ የግንዱ ውፍረትና ቅርንጫፉ የሚደርስበት ዙሪያ ካርታ ላይ ገባ። ዙሪያው ነው ዋናው። ብዙ ጊዜ "ዛፉን አልቆረጥንም" ይባላል፣ ግን ከግንዱ አንድ ሜትር ርቆ መሠረት ይቆፈራል፣ ሥሩ ይቆረጣል፣ ገልባጭ መኪና እላዩ ላይ እየተመላለሰ አፈሩን ይደፈጥጣል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ሕንፃው ከተመረቀ ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ይደርቅና "አርጅቶ ነው" ይባላል። ስለዚህ ቅርንጫፉ እስከሚደርስበት ድረስ ቁፋሮ የለም ብለን ቀይ መስመር አሠመርን። ባሕር ዛፉ አጥር ዳር ይቆይ አይቆይ የሚለው ላይ ብዙም አልተሟገትንም።

የእግር መንገድም እንደዚሁ። በሲሚንቶ የተሠራው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ በዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል። ተማሪው ግን በሣሩ ላይ በሰያፍ ይቆርጣል። ያ ቀይ የጭቃ ቅያስ ለኔ ከማንኛውም መጠይቅ በላይ ይናገራል። ከበር ወደ ካፌ፣ ከካፌ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ። አዎ፣ የአጥሩ ቀዳዳ። ጥበቃዎቹ ሁሌ ይደፍኑታል፣ ተማሪው ሁሌ ይከፍተዋል። ዕቅዱ ላይ እዚያ ሁለተኛ በር አስገባን። የጥበቃ ኃላፊው ሲያየው ሳቀ፣ ከዚያ "እንደዚያ ከሆነ ቤትም ሥሩልን፣ ዝናብ ላይ ነው የምንቆመው" አለን። ልክ ነው። ገባ።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ግቢውን የሚጠቀሙትን ለማናገር ስብሰባ ጠርተን ነበር። የመጡት በአብዛኛው ኃላፊዎች ናቸው። ስለዚህ ስብሰባውን ትተን ሰው ወዳለበት ሄድን። ካፌው ጋ ቡና የምታፈላው እህታችን "ፎቅ ሥሩ አትሥሩ ለኔ ያው ነው፣ ግን ማታ መብራት የለም፣ ከዚህ እስከ በሩ ስሄድ ነፍሴ በእጄ ነው" አለች። የጽዳት ሠራተኞቹ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበትም፣ ልብስ የሚቀይሩበትም የላቸውም፣ ደረጃ ሥር ነው የሚጠቀሙት። ተማሪዎቹ መቀመጫ ነው የጠየቁት። ክፍል ሳይሆን መቀመጫ፣ ከክፍል ክፍል መሀል አንድ ሰዓት ሲኖራቸው ዝናብ የማያገኛቸው፣ ሶኬት ያለበት። አንድ በዊልቸር የሚሄድ ተማሪ ደግሞ መንገዱን አብሮን ዞረ። ከበሩ እስከ ሬጅስትራር ድረስ ያለ ሰው እርዳታ መድረስ አይችልም። ከሠራነው ሁሉ የሱ ዙረት ነው ፕላኑን ይበልጥ የቀየረው። ወለላቸው ከፍ ያሉት ክፍሎች ጋ በረንዳውን በአንድ ተዳፋት ማገናኘት እንደሚቻል ያየነው እዚያ ላይ ነው። አንድ ተዳፋት ሦስት ክፍል ያገለግላል።

ጋሼ ደግሞ አንድ ነገር አሉ። "መስኮቶቹን አልሙኒየም ልታደርጓቸው ነው አሉ?" አይ፣ አልወሰንንም አልናቸው። "እንጨቱ ከታች ሦስት ጣት ያህል ነው የበሰበሰው። እሱን ቆርጣችሁ ቀጥሉት።" ይህ በሙያው ቋንቋ ትክክለኛ ጥገና ነው፣ ውጭ አገር ስንት ገጽ ተጽፎበታል። የጅማ ከተማ እኮ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ በርጩማዋ አዲስ አበባ ሳሎን ድረስ ተቀምጧል። እዚህ አናጢ አጥተን አልሙኒየም ከውጭ የምናስመጣበት ምክንያት አይገባኝም።

ጥር

አሁን አዲሱን መሣል ጀመርን። ዋናው ጥያቄ "ተማሪው በዝቷል፣ ክፍሉን ከየት ታመጣላችሁ?" የሚል ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በትዝታ አይመለስም። በቁጥር መለስንለት። እናፍርስ የተባሉት ሦስት የድንጋይ ብሎኮች እያንዳንዳቸው 300 ካሬ ናቸው፣ በድምሩ 900። በጀርባ በኩል መጋዘኖቹ የያዙት ቦታ ላይ 300 ካሬ መሬት ብቻ የሚይዝ ጂ ፕላስ ስሪ ቢሠራ 1200 ካሬ ወለል ይሰጣል። ድንጋዩን ሳንነካ ማለት ነው። ደረጃውና ኮሪደሩ ሲቀነስ እንኳ ያዋጣል። ከፍታውም ከትላልቆቹ ዛፎች አይበልጥም፣ ከፊት በር ሲገቡ አይታይም።

የድሮዎቹ ክፍሎች ሥራቸው ይቀየራል። ላብራቶሪ አይሆኑም፤ ቧንቧ፣ ጭስ ማውጫና ከባድ ማሽን ለዚያ ግድግዳ ቅጣት ነው። ለንባብ፣ ለሴሚናር፣ ለቢሮ ግን አንደኛ ናቸው። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን ቀዝቃዛ ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም። ላብራቶሪው አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ይግባ።

ሰው "እንዲህ የተሠራ የት አለ?" ይላል። ስድስት ኪሎ አለ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ ለትምህርት ተሰጠ፣ በ1954 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀበት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ እዚያ ናቸው፣ የንጉሡ መኝታ ክፍል ሳይቀር እንዳለ ይታያል። ማንም "ጠቧል፣ እናፍርሰው" አላለም፣ ሌላው ሕንፃ በዙሪያው ነው የተሠራው። የአፍሪካ አዳራሽም አለ። በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት፣ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ተከፈተ። ሰድሮቹ ከጥንቱ ጋር እንዲመሳሰሉ ተደርገው ነው እንደገና የተሠሩት፣ ውስጡ ያለው መሣሪያ ግን የዛሬ ነው። የኛ ግቢ የአፍሪካ አዳራሽ አይደለም፣ በጀቱም ከሩቅ አይገናኝም። መንገዱ ግን ያው ነው።

የካቲት

ዕቅዱን አቀረብን። አዳራሹ ሞልቷል፣ ፕሮጀክተሩ እንደተለመደው አስቸግሯል። ከተማው በኮሪደር ልማት መልኩ በሚቀየርበት ሰዓት ስለሆነ የተሰብሳቢው ስሜት "እኛም ቶሎ እንታይ" ነው። አንድ ኃላፊ ተነስቶ "አሮጌ ቤት ስትለጥፉ ዓለም ጥሎን ይሄዳል" አለ። አጨበጨቡለት። ቀጥሎ አንዲት መምህርት ተነስታ "የኔ ቢሮ አዲሱ ብሎክ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ተማሪዬን የማማክረው እዚያ አሮጌው ክፍል በረንዳ ላይ ነው" አለች። ለሷም አጨበጨቡላት። እንግዲህ የኛ ሰው ለሁሉም ያጨበጭባል።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከፋይናንስ በኩል ነው። ለአዲስ ግንባታ በጀት ይገኛል፣ ለጥገና ግን አርዕስቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ መጠገን የሚገባው ነገር እስኪፈርስ ይጠበቅና በአዲስ ግንባታ በጀት ይሠራል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ችግር አይደለም፣ በየሄድኩበት ያየሁት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሁላችንም እንተርታለን፣ ለቅጠሉ የሚሆን የሒሳብ መደብ ግን የለንም። የኛ መልስ ጥገናውን ከአዲሱ ሕንፃ ጋር አንድ ፕሮጀክት አድርጎ ማስገባት ነው፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥራ ተብሎ። ፋይናንሱ "ይታያል" አለ። በቢሮ ቋንቋ ይህ አይሆንም ማለት አይደለም፣ ይሆናል ማለትም አይደለም።

መጋቢት መጀመሪያ

ውሳኔው በከፊል መጣ። ሦስቱ የድንጋይ ብሎኮች አይፈርሱም። መጋዘኖቹ ይነሳሉ። ሁለተኛው በር ተፈቅዷል፣ ከነጥበቃ ቤቱ። አዲሱ ሕንፃ በጀርባ በኩል ይሁን የሚለው በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ዝርዝር ዲዛይኑ ገና ነው። የደርጉ መመገቢያ አዳራሽ አከራካሪ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ወገን ስፖርት ማዘውተሪያ ይሁን ይላል፣ ሌላው ይፍረስ ይላል። መሐንዲሳችን ጣሪያውን የተሸከመውን ብረት መርምሮ ሪፖርት እስኪያስገባ ታግዷል። ከቅርስ በኩል የጠየቅነው ደብዳቤም መልሱ እየተጠበቀ ነው፣ እስከዚያ የድሮው ልስን ላይ ማንም መሮ አያነሳም።

ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚሠራው ሥራ የድንገተኛ ጥበቃ ነው፣ ይህንንም በጽሑፍ አሳውቀናል። የተቀደዱት አሸንዳዎች በጊዜያዊ ይተካሉ፣ ውሃው በቱቦ ከግድግዳው ይርቃል። ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፣ ካሁኑ ማንጠባጠብ ጀምሯል። የጣሪያውን የበሰበሱ ጫፎች ጋሼና ሁለት የሠፈር አናጢዎች በጣውላ ደግፈዋቸዋል። የኖራ ናሙናም ጀምረናል። በአንድ የተጣለ ግድግዳ ላይ የተለያየ የኖራና የአሸዋ ምጥን ለስነን ጆንያ አልብሰን እያረጠብነው ነው። ኖራ እንደ ሲሚንቶ አይቸኩልም፣ ፀሐይ ከነካው ይሰነጠቃል። ኖራውን በውሃ ስናጠፋው መነጽር ያላደረገ ተማሪ እንዳይጠጋ ከልክለናል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም።

ከሰኞ ጀምሮ የተቀበረውን የድንጋይ ቦይ እንገልጣለን። ላዩ ያለው የሲሚንቶ መሄጃ ይሰበራል። ተቋራጩ ኤክስካቫተር ላምጣ ብሎ ነበር፣ ቦዩ ግን በሁለቱ ዋንዛዎች ቀይ መስመር ውስጥ ነው የሚያልፈው። እዚያ በአካፋና በእጅ ብቻ ነው፣ የበሩ ጥበቃም ማሽን እንዳያስገባ ተነግሮታል።